ስለ ባለሥልጣናት መጸለይና የቄስ ጉዲና ቱምሳ ሕይወት



ባለፈው የጸሎት ጊዜያችን ስለ ሀገር መሪዎች እንጸልይ ሲባል እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ብዙ ቀን ደጅ ጠንቼ መልስ በማጣቴ በልቤ ቂም ነበረብኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አፈርሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ነገሥታትና ስለ ሹማምንት ጸሎት እንዲደረግ ለጢሞቴዎስ ሲያሳስበው፣ በዙፋን ላይ የነበሩት ክርስቶስን የማያውቁ የሮም ቄሣሮች ነበሩ። ስለዚህ በክፉ ዘመን በእምነት የጸኑትን የቄስ ጉዲና ቱምሳን ታሪክ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ በቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል ሕሙማንን ረዱ፤ በኋላም ለወንጌል አገልግሎት ተጠርተው ቅስና ተቀበሉ። በአሜሪካ ነገረ መለኮት ተምረው ሲመለሱ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የሰው ነፍስና ሥጋ ተነጣጥለው አይታዩም፤ ወንጌል የሚሰብክ ለተራበውም ማሰብ አለበት እያሉ ያስተምሩ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ። ለድሃ ፍትሕ መደረጉን ቄስ ጉዲና አልጠሉም። ነገር ግን መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን መሣሪያው ሊያደርጋት ሲፈልግ እሺ አላሉም። በዚህም የተነሣ ታስረው ተፈቱ። በታንዛንያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከሀገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸውም፣ በጎቻቸውን ጥለው መሄድን አልወደዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። እሳቸው ተገደሉ፤ ወይዘሮ ፀሐይም በኋላ ታስረው አሥር ዓመት ያህል በወኅኒ ቆዩ። የቄስ ጉዲና አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ለባለሥልጣን መጸለይ ሥራውን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። ባለሥልጣንን በአፍ ማወደስ ቀላል ነው፤ በጓዳ መርገምም ቀላል ነው። ከባዱ ነገር መልካሙን መልካም ብሎ፣ ክፉውን እንቢ ብሎ፣ ከሕዝቡም ሳይሸሹ መኖር ነው። እንዲህ የሚኖር ሰው ጸሎት ሽንገላ አይሆንም። ደግሞም ለሰውዬው በእግዚአብሔር ፊት ስንለምን ፈራጁ እኛ አለመሆናችንን እናስታውሳለን፤ ቂማችንም ቀስ በቀስ ይለቀናል።

ቄስ ጉዲና ሕይወታቸውን ሰጡ። እኔ ደግሞ በአንድ የመሥሪያ ቤት ደጅ ስለ ደከምሁ ብቻ ጸሎት ነፈግሁ! በሚመጣው እሑድ ከቀበሌያችን አስተዳዳሪ ጀምሮ እስከ ሀገራችን መሪዎች ድረስ ስማቸው ሲጠራ እኔም አፌን እከፍታለሁ። እናንተም ቅር ያላችሁበት ባለሥልጣን ቢኖር መጀመሪያ ስለ እሱ ጸልዩ፤ ከዚያም እውነቱን በትሕትና ንገሩት።

እግዚአብሔር ሁላችንንም ይርዳን። አሜን።