ከእንጦጦ እስከ መርካቶ፤ ዳግማዊ ምኒልክና የከተማው መብራት

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩና ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ። ከጊዜ በኋላም መናገሻቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ አደረጉ። በ1879 ዓ.ም. ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል በፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ከተማውም ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደ። የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ በ1882 ዓ.ም. የጫኑት ግን በዚያው ተራራ፣ በእንጦጦ ማርያም ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ነገር የነበራቸው ጉጉት የታወቀ ነው። ስልክ፣ ባንክ፣ የባቡር ሐዲድና ዘመናዊ ትምህርት ቤት በዘመናቸው ወደ አገር ገቡ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥታቸው በጄኔሬተር በራ። በ1904 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። በቤተ መንግሥቱና በጥቂት ፋብሪካዎች ተወስኖ የነበረው ኤሌክትሪክ በአካባቢው ወዳሉ ዋና መንገዶችና የሕዝብ መሰብሰቢያዎች ተዳረሰ። የመንገድ መብራት ታሪካችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ የከተማው ትልቅ ገበያ አራዳ ላይ ነበር። ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ያዛወረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣሊያ ወራሪ አስተዳደር ነው። መብራቱም ገበያውን ተከትሎ ሄደ። እንጦጦ በበኩሉ በ2007 ዓ.ም. በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተመረቁበት። ንጉሡ ከተራራው ወርደው ያስጀመሩት ብርሃን እነሆ ወደ ተራራው ተመልሶ ከዋክብትን ይጋርዳል።

ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም፤ የአሠራሩ ነው። ክዳን የሌለው ወይም ወደ ላይ ያዘነበለ መብራት የብርሃኑን ከፊል ለሰማይ ይሰጣል፤ ያም በአቧራና በጭስ ላይ እያረፈ ሌሊቱን ያፈካዋል። ለመርካቶም ቢሆን አይጠቅምም። ዓይን የሚወጋ መብራት ፊት ለፊቱ የተደቀነበት ዘበኛ በበረንዳ ጥላ ሥር የቆመውን ሰው አያይም፤ ጭነት የሚያወርደውም ተሸካሚ የሚረግጠውን ጉድጓድ ይስታል።

መፍትሔው በሙያው እጅ ነው፤ ከአግድመቱ በላይ ብርሃን የማያሳልፍ ክዳን፣ ለመንገዱ ስፋት የተመጠነ የምሰሶ ከፍታና ርቀት፣ ከ3,000 ኬልቪን ያልበለጠ ሞቅ ያለ ቀለም፣ እግረኛ ሲቀንስም ኃይሉ ዝቅ የሚል አምፑል። ሰማያዊነት የሚያመዝንበት ነጭ ብርሃን በአየር ውስጥ ይበልጥ ይበተናልና ለእንጦጦ የከፋ ጠላት ነው።

ምኒልክ ብርሃንን ወደ መንገድ አወጡ። ብርሃኑን በመንገዱ ላይ ማስቀረት ከእርሳቸው በኋላ ለመጣው ባለሙያ የተረፈ ሥራ ነው።