አርቱሮ ሜዜዲሚ

አርቱሮ ሜዜዲሚ (እ.ኤ.አ. 1922፣ ፖጂቦንሲ፣ ጣልያን – ግንቦት 22 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ሮማ) በአስመራና በአዲስ አበባ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የሠሩ ጣልያናዊ አርክቴክት ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተበት በአፍሪካ አዳራሽ እና በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ነው። ሁለቱም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሞቃታማው የዓለም ክፍል ከተስፋፋው ዘመናዊ የሥነ ሕንጻ ስልት ጋር ይነሣሉ።

ወጣትነትና አስመራ

ሜዜዲሚ የተወለዱት በሲዬና አውራጃ በምትገኘው ፖጂቦንሲ ከተማ ነው። በ18 ዓመታቸው ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ወደ አስመራ መጡ። የሠለጠኑበት ሙያ በጣልያን ጂኦሜትራ የሚባለው፣ ቅየሳንና የግንባታ ሥራን የሚያጣምረው ነው። አስመራ በዚያን ጊዜ ጥቂት ዓመት ብቻ ባስቆጠሩ አዳዲስ ሕንጻዎች የተሞላች ነበረች፤ የአውሮፕላን ክንፍ የመሰለው የፊያት ታሊየሮ የነዳጅ ማደያ እንኳ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ለወጣት ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

በመጡ በዓመቱ ጣልያን በጦርነቱ ተሸንፋ ኤርትራ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ወደቀች። ብዙ ጣልያናውያን አገሩን ለቀው ሲሄዱ ሜዜዲሚ ቀሩ። ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1945 በአስመራ የተሠራው የመዋኛ ገንዳ ነው። ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ቢሮ ከፍተው መኖሪያ ቤቶችን፣ የንግድ ቤቶችንና የሕዝብ ሕንጻዎችን ነደፉ።

አፍሪካ አዳራሽ

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለኮሚሽኑ መሰብሰቢያ የሚሆን ሕንጻ ለማበርከት ወሰኑ፤ የንድፉንም ሥራ ለሜዜዲሚ ሰጡ። ጣልያን ለስደት የዳረገቻቸው ንጉሠ ነገሥት ለአፍሪካ ነፃነት ምልክት የሚሆነውን ሕንጻ ለጣልያናዊ መስጠታቸው ዛሬም አንባቢን ማስገረሙ አይቀርም።

ሜዜዲሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ንጉሠ ነገሥቱ በጻፉት የምስክርነት ጽሑፍ እንደሚገልጹት፣ ዓላማው ስብሰባ ማስተናገድ ብቻ አልነበረም። ትልልቅ ሕንጻ በኢትዮጵያም መሥራት እንደሚቻል፣ ያውም በተቻለ መጠን በአገር ውስጥ በሚገኝ ዕቃ፣ ለማሳየት ታስቦ ነበር። በዚያ ዘመን የግንባታ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ማለት በመርከብና በባቡር ብዙ ወራት መጠበቅ ማለት ስለሆነ፣ ሐሳቡ የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገንዘብና የጊዜ ጉዳይም ነበር።

ሕንጻው በ18 ወር ውስጥ ተጠናቆ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1961) ተመረቀ። ግንባታው በተፋጠነበት በ1960 እ.ኤ.አ. ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጥተዋል፤ አዳራሹ ሲከፈት ወንበር የሚፈልጉት ልዑካን ቁጥር ሥራው ሲጀመር ከነበረው እጅግ በዝቶ ነበር። የውጭ ግድግዳው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን የሞዛይክ ቁራጮች የተሸፈነ ነው። ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የክረምቱ ዝናብ አርማታው ውስጥ እንዳይሰርግ ይከላከላሉ። የስብሰባ አዳራሹ በሕንጻው ውስጠኛ ክፍል ሲሆን መተላለፊያዎቹና ማረፊያዎቹ ከውጭው ሙቀት፣ ቅዝቃዜና ጫጫታ ይለዩታል። ወንበሩንና ጠረጴዛውን ሳይቀር የነደፉት ሜዜዲሚ ናቸው። በመግቢያው በኩል 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የባለቀለም መስታወት ሥራ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን ያሳያል። የጠዋትና የማታ ብርሃን ቀለሙን ስለሚለዋውጠው ሥዕሉን በአንድ ጊዜ አይቶ መጨረስ አይቻልም።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱና የደጋው ፀሐይ

በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ የቆመው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በ1957 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ከፍታ ላይ በመሆኑ ግንቡ ከጎዳናው ታች ጀምሮ ይታያል። ፊቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱት ተደጋጋሚ ቋሚዎች ለመስኮቶቹ ጥላ ይሰጣሉ።

ይህ ጥላ የዘመኑ ትልቅ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና 1950ዎቹ ማክስዌል ፍራይና ጄን ድሩ የተባሉት እንግሊዛውያን ባልና ሚስት በምዕራብ አፍሪካ ሲሠሩ፣ የአውሮፓን ዘመናዊ ሕንጻ እንዳለ ወደ ሞቃት አገር ማምጣት እንደማያዋጣ አዩ። ፀሐይን የሚመልሱ መጋረጃ መሰል ግድግዳዎች፣ ነፋስ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች፣ ወደ ውጭ የሚወጡ ጣሪያዎች የስልቱ መለያ ሆኑ። በለንደን በሚገኘው የአርክቴክቸር ትምህርት ቤትም ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ የተለየ ክፍል ተከፈተ። እዚያ ከተማሩት አንዱ እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ከኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ጋር በአዲስ አበባ የፍል ውኃን መታጠቢያና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንጻ ነድፈዋል። ሜዜዲሚ በዚያ ትምህርት ቤት አላለፉም፤ የእርሳቸው መነሻ የአስመራ ጣልያናዊ ዘመናዊነት ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ አክራ ወይም ሌጎስ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ይፋጃል፤ ሌሊት ይበርዳል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በክረምት ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ በበጋ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት ትገባለች። ስለዚህ በቆላ የሚጠቅመው ሁሉን ለነፋስ የሚከፍት ሕንጻ እዚህ ነዋሪውን ያንዘፈዝፈዋል። የሚፈለገው ቀን ፀሐይን የሚጋርድ፣ ሌሊት ግን ሙቀት የሚያቆይ ግድግዳ ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ ይህን ከማንም በፊት ያውቀዋል። በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው መካነ ሰላምና አካባቢዋ፣ ነባሩ ቤት ከእንጨትና ከጭድ ጋር ከተቦካ ጭቃ፣ ድንጋይ በሚገኝበትም ከድንጋይ ይሠራል። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊት ያቆያል፤ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው የሣር ክዳን ዝናቡ ጭቃውን እንዳያጥበው ያደርጋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሣሩ ይልቅ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ነገር ግን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲመታውም ሰው አያነጋግርም። ሜዜዲሚ ከገጠር ቤት ቀዱ ማለት ስህተት ይሆናል፤ የሕንጻዎቻቸው መልክ የአውሮፓ ነው። የሚያገናኛቸው ችግሩ አንድ መሆኑ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የተስፋፋው አርማታው እንጂ ጥላው አይደለም። በቅርብ አሥርት ዓመታት በአዲስ አበባ የተሠሩ ብዙ ሕንጻዎች ከላይ እስከ ታች በመስታወት የተሸፈኑ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ውስጣቸው ለመቀመጥ ያስቸግራል። ወደ ጥላና ወደ አገር ውስጥ ዕቃ የመመለስ ሙከራዎችም አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ኢንስቲትዩት ግቢ ከአፈር የተሠራው ባለ ፎቅ የናሙና ቤት፣ በአማራ ክልል በጣና አቅራቢያ ቡራ ላይ ደግሞ ብዙ ቤቶችን በአንድ ሰፊ ጣሪያ ሥር አድርጎ የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅመው ቡራኔስት የተባለው የከተማ ፕሮጀክት ይጠቀሳሉ። እነዚህ የሜዜዲሚ ተከታይ ነን አይሉም፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን በ1951 ዓ.ም. ገደማ ለእርሳቸው የቀረበው ነው።

ከአብዮቱ በኋላ

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ሜዜዲሚ ብዙም ሳይቆዩ ኢትዮጵያን ለቀው ሮማ ገቡ። ዕድሜያቸው ከ50 ጥቂት አልፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባን የሚያክል የሥራ መስክ አላገኙም። በ2002 ዓ.ም. በሮማ ሲያርፉ አፍሪካ አዳራሽ ግማሽ ክፍለ ዘመን ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ሞዛይኩም መርገፍ ጀምሮ ነበር።

ሕንጻውን አፍርሶ ሌላ ከመሥራት ይልቅ ኢኮኖሚ ኮሚሽኑ እድሳቱን መረጠ። አካሉ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናከረ፣ የውጭው ሞዛይክ በአዲስ ተተካ፣ የአፈወርቅ መስታወት ተጠገነ፣ የሜዜዲሚ የቤት ዕቃዎችም ታድሰው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አዳራሹ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ።