አንስታይን ሥራ ፈላጊ ሳለ

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ጋዜጣ ማስታወቂያ ስንማር አንድ የቤት ሥራ ተሰጠን። እያንዳንዳችን የወደድነውን አንድ ማስታወቂያ መርጠን ለክፍሉ እንድናቀርብ ነበር። ጓደኞቼ የቢራውንም የሳሙናውንም ባለ ቀለም አምጥተዋል። የእኔ ሥዕልም ጌጥም የለውም፤ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1902 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ይዘቱ ባጭሩ፣ የፖሊቴክኒክ ዲፕሎማ ያለው ሰው ሒሳብና ፊዚክስ በግል እንደሚያስጠና ይገልጽና አድራሻውን ያስቀምጣል። የሙከራው ትምህርት በነፃ ነው። የአስጠኚው ስም አልበርት አንስታይን ነው።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ታላቅ ወንድሜ በፊዚክስ ተመርቆ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን ያገኘው ሥራ የሰፈር ልጆችን ቤት ለቤት ማስጠናት ብቻ ነው። ድሮ አራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር ቆሞ የሚነበበው ማስታወቂያ ዛሬ አብዛኛው በቴሌግራም ስለሚመጣ፣ ወንድሜ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው ስልኩን ነው። ዜሮ ዓመት የሚል ካገኘ ይዘላል፣ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚል ካገኘ ይተኛል። እናማ ያን ማስታወቂያ ያገኘሁት ለቤት ሥራው ስል ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። እንዲህ ያለውን ትልቅ ሰው አንቱ ማለት ይገባኝ ይሆናል። ግን የማወራው ፀጉሩ ስለሸበተው፣ ምላሱን አውጥቶ ፎቶ ስለተነሳው አዛውንት ሳይሆን የ22 ዓመት ሥራ ፈት ስለነበረው ልጅ ስለሆነ አንተ ብዬዋለሁ።

አልበርት የተወለደው በ1879 በጀርመን ኡልም ከተማ ነው። አባቱ ኸርማን ከወንድማቸው ጋር ሙኒክ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ድርጅት ነበራቸው። ድርጅቱ ከሰረ። ቤተሰቡ ወደ ጣሊያን ተሻገረና እንደገና ሞከረ፤ እዚያም አልሆነላቸውም። ልጁ በ1896 ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ሲገባ የሚኖረው ዘመዶቹ በየወሩ በሚልኩለት 100 ፍራንክ ነበር። ከዚያችው ላይ ለስዊዘርላንድ ዜግነት ማመልከቻ እያለ በየወሩ 20 ፍራንክ ያስቀምጥ ነበር።

ተማሪ ሆኖ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መምህራን የሚወዱት ዓይነት አልነበረም። የሚወደውን መጽሐፍ ቤቱ ቁጭ ብሎ እያነበበ ክፍል ይቀራል። ፈተና ሲደርስ የሚያድነው የክፍል ጓደኛው ማርሴል ግሮስማን ነው። ግሮስማን ሁሉንም ክፍል ይከታተላል፣ ደብተሩ እንደታተመ መጽሐፍ ንጹሕ ነው፣ ያንን ደብተር ያውሰዋል። እዚህ ዲፓርትመንት ውስጥም እነማን ግሮስማን እንደሆኑ፣ እነማን አንስታይን እንደሆኑ ስም ባልጠራ ይሻላል።

በ1900 ክረምት ተመረቀ። አብረውት ካለፉት መካከል ሦስቱ እዚያው ፖሊቴክኒክ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ፤ አንዱ ግሮስማን ነው። አንስታይንን ግን ማንም አልፈለገውም። የዘመዶቹም 100 ፍራንክ ምረቃው ላይ ቆመ። እጮኛው ሚሌቫ ማሪች፣ በክፍሉ የነበረችው ሰርቢያዊት፣ የመጨረሻውን ፈተና ወደቀች። በ1901 ጸደይ ላይ ሚላኖ ወላጆቹ ቤት ተመልሶ ደብዳቤ የሚጽፍ ልጅ ሆኖ እናገኘዋለን።

ያልጻፈበት አገር የለም ማለት ይቻላል፤ ለጀርመን፣ ለሆላንድ፣ ለጣሊያን ፕሮፌሰሮች ጽፏል። ለአንዳንዶቹ የሚልከው ፖስት ካርድ የመልሱ ሒሳብ አስቀድሞ የተከፈለበት ነው፤ ተቀባዩ ሁለት ቃል ጽፎ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ቢጥለው ይበቃል። ሆላንድ ላይደን ለነበሩት ለፕሮፌሰር ካመርሊንግ ኦነስ የላከው እንዲህ ያለው ነበር። ያች የመልስ ካርድ ባዶዋን ቀርታ ዛሬ እዚያው ሆላንድ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣለች። ወንድሜ ይህንን ስነግረው ለካ ሲን ማድረግ ያኔም ነበር ብሎ ሳቀ። ከሳምንታት በኋላ የሳቀው ያኔ ነው።

ሁለት ጊዜ የጻፈው ለላይፕዚጉ ኬሚስት ለቪልሄልም ኦስትዋልድ ነበር። ማርች 19 ቀን 1901 የመጀመሪያዋን የታተመች ጽሑፉን አያይዞ ላከላቸው። መልስ የለም። በኤፕሪል መጀመሪያ እንደገና ጻፈ፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ አድራሻዬን ማስቀመጤን አላስታውስም የሚል ሰበብ ፈልጎ። ይቺን ዘዴ የማያውቅ ሥራ ፈላጊ ያለ አይመስለኝም። አሁንም መልስ የለም።

ቀጥሎ የሆነውን ነገር ሳነብ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የወሰንኩት። ኤፕሪል 13 ቀን አባቱ ኸርማን ብዕር አነሱ። ልጃቸው ሳያውቅ፣ ለማያውቋቸው ለእኚሁ ፕሮፌሰር ጻፉ። ከስረው የከሰሩ፣ ጤናቸውም የተጓደለ ነጋዴ ናቸው። በደብዳቤው ልጃቸው 22 ዓመቱ እንደሆነ፣ ፈተናውን እንዳለፈ፣ ሥራ ግን እንዳጣ ይነግሯቸዋል። ከዕለት ወደ ዕለት ተስፋ እየቆረጠ መሆኑን፣ ከመንገዱ የወጣ እንደሚመስለው፣ አቅም ለሌላቸው ወላጆቹ ሸክም ሆንኩ እያለ እንደሚጨነቅ ያስረዳሉ። ከዚያም ይለምናሉ። ልብ በሉ፣ ቀድመው የለመኑት ሥራውን አይደለም። ጽሑፉን እንዲያነቡለትና ጥቂት የማበረታቻ ቃል እንዲጽፉለት ነው፤ የመኖርና የመሥራት ደስታው እንዲመለስለት። የሥራው ነገር ከዚያ በኋላ፣ ቢቻል ተብሎ የመጣ ነው። በመጨረሻም ልጄ ይህን መጻፌን አያውቅም ይላሉ።

መልስ ስለመምጣቱ ምንም ማስረጃ የለም።

እኛ ቤት የሆነውን ልናገር። አባቴ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። ባለፈው ዓመት ማንንም ሳያማክር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የወንድሜን ዲፕሎማ ኮፒ በፕላስቲክ ይዞ፣ ድሮ ያስተማረው ሰው ኃላፊ ወደሆነበት መሥሪያ ቤት ሄደ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሳያገኘው ተመለሰ። ወንድሜ ሲሰማ ቤቱ ተናወጠ። አዋረድከኝ ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገረውም። እኔም በልቤ ከወንድሜ ጋር ነበርኩ፤ አባታችን ለምን ይለምናል አልኩ። የኸርማንን ደብዳቤ ሳነብ ያ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ኮፒ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። አባት ያን ደብዳቤ በጻፉበት ሰሞን ሚላኖ ሌላ ደብዳቤ ደረሰ። ከግሮስማን ነው። ግሮስማን ራሱ ገና ጀማሪ ረዳት ስለሆነ የሚሰጠው ሥራ የለውም። ያደረገው ነገር ለአባቱ መንገር ነው። አባቱ ደግሞ በርን የሚገኘውን የስዊዘርላንድ ፓተንት መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ፍሪድሪሽ ሃለርን ያውቁ ነበር፤ ስለ ልጁ ነገሯቸው። ክፍት ቦታ ሲኖር ይታሰብበታል ተባለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህ የዘመድ ሥራ አይደለም ወይ የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ጠይቄ ነበር። ነገር ግን ቦታው በታኅሣሥ 1901 በመንግሥት ጋዜጣ ለሁሉም ወጥቷል፤ ሃለርም ፊት ለፊት አስቀምጠው መርምረውታል። የቴክኒክ ዕውቀቱ ጎደሎ ሆኖ ስላገኙት ካመለከተበት ሁለተኛ ደረጃ አውርደው ሦስተኛ ደረጃ ነው የሰጡት። ግሮስማኖች በሩን አሳዩት፤ ያለ እነሱ ግን በሩ መኖሩንም ላያውቅ ይችል ነበር። ይህ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለክርክር ክበባችን እተወዋለሁ።

ከዚያ ተስፋ እስከ ቅጥሩ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። በመካከሉ ቪንተርቱር በምትባል ከተማ ለሁለት ወር ያህል ተተኪ መምህር ሆነ። ከዚያ ሻፍሃውዘን ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አንድ እንግሊዛዊ ልጅ ለፈተና እንዲያዘጋጅ ተቀጠረ፤ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ ወጣ። በጃንዋሪ 1902 ሚሌቫ ወላጆቿ አገር ሄዳ ሴት ልጅ ወለደችለት። ሳይጋቡ የተወለደችው የዚህች ሕፃን መጨረሻ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሥራ አጥነቱ ከባዱ ሒሳብ የተከፈለው በሚሌቫ በኩል ይመስለኛል፤ የአንስታይንን ታሪክ የሚጽፉልን ብዙ ሰዎች ግን ይህችን ገጽ ይዘሏታል።

በርን የገባው ቦታው ገና ሳይጸድቅለት ነው። ጋዜጣው ላይ ያን ማስታወቂያ ያወጣው ያኔ ነበር። ካዩት አንዱ ሞሪስ ሶሎቪን የሚባል ሮማንያዊ ተማሪ ነው። ፊዚክስ ሊማር መጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል ሲያወሩ ቆዩ፤ ሊሸኘው ወጥቶ መንገድ ላይ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ጥቂት ቀን እንደተገናኙ አስጠኚው ክፍያውን ትቶ፣ ዝም ብለህ እየመጣህ እናውራ አለው። እንግዲህ አስቡት፣ የዕለት ዳቦ የሚቸግረው ሰው ያገኘውን ደንበኛ ጓደኛ አድርጎ ነፃ አወጣው። በንግድ ዓይን ሲታይ የአባቱ ልጅ ነው።

ከሻፍሃውዘን የሚያውቀው ኮንራድ ሃቢሽት ተጨመረና ሦስት ሆኑ። ራሳቸውን በቀልድ ኦሊምፒያ አካዳሚ ብለው ሰየሙ። ማታ ማታ ይሰበሰባሉ፤ ሒዩምን፣ ስፒኖዛን፣ ማክን፣ ፑዋንካሬን ያነባሉ፣ አንድ ገጽ ላይ ለቀናት ይከራከራሉ። እራታቸው ቋሊማ፣ ቁራጭ አይብ፣ ፍራፍሬ፣ ማርና ሻይ ነው። አንድ ጊዜ ለአንስታይን ልደት ሁለቱ ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ካቪያር የሚባለውን ውድ የዓሣ እንቁላል ገዙለት። እሱ ግን ስለ ጋሊሊዮ የኢነርሺያ ሕግ እያወራ ሳያስተውለው ጨረሰው፤ ምን እንደበላ የነገሩት በኋላ ነው። ወንድሜና ሦስት ጓደኞቹ አንድ የሞባይል ጥቅል ገዝተው በዋይፋይ ሲካፈሉ፣ ቃለ መጠይቅ ያለበት ደግሞ ከአራቱ ጥሩውን ጫማ ሲያደርግ ሳይ ይህ አካዳሚ ትዝ ይለኛል። ሒዩምን እንኳ አያነቡም።

ጁን 23 ቀን 1902 አንስታይን በ3500 ፍራንክ የዓመት ደመወዝ የሦስተኛ ደረጃ የቴክኒክ ባለሙያ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ በጊዜያዊነት። አባቱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 10 ቀን ሚላኖ ላይ አረፉ። ልጃቸው ሠርቶ ሲበላ ያዩት አራት ወር እንኳ አይሞላም። 1905ን አላዩትም። በጃንዋሪ 1903 ሚሌቫን ሲያገባ ምስክር ሆነው የፈረሙት ሶሎቪንና ሃቢሽት ናቸው። ሙሽሮቹ በሌሊት ቤታቸው ሲደርሱ ሙሽራው ቁልፍ ረስቶ ነበር ይባላል።

ሥራ ካገኘ በኋላ ያደረገው አንድ ነገር ደስ ይለኛል። በ1904 እዚያው መሥሪያ ቤት ቦታ ሲከፈት ለጓደኛው ለሚሼል ቤሶ ነገረው፤ ቤሶም ተወዳድሮ ገባ። ከሥራ ሲወጡ አብረው በእግር እየሄዱ የሚያወሩት ነገር የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ሆነ። የ1905ን ታላላቅ ጽሑፎች እዚህ አልዘረዝርም፤ ከእኔ ይልቅ ወንድሜ ቢጽፈው ይሻላል። ስለ ሬላቲቪቲ የጻፈው የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን አንድም ዋቢ መጽሐፍ አይጠቅስም፤ መጨረሻው ላይ የሚመሰገነው ሰው አንድ ብቻ ነው፣ ቤሶ። የዶክትሬት ጽሑፉን ደግሞ ለግሮስማን አበረከተ።

ኦስትዋልድስ? ለ1910 የኖቤል ሽልማት አንስታይንን የጠቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ከማንም ቀድመው። የልጁም የአባቱም ደብዳቤ ትዝ ብሏቸው ይሁን አይሁን የጻፉት ነገር አላየሁም። ባዶ ካርድ የቀረባት ላይደንም በ1920 ልዩ ፕሮፌሰር አድርጋ ሾመችው።

ግሮስማን ፕሮፌሰር ሆኖ በ1912 አንስታይንን ወደ ዙሪክ ካመጡት አንዱ ነበር፤ የሚቀጥለው ሥራው የሚፈልገውን ሒሳብም ያሳየው እሱ ነው። ደብተር ማዋሱን አልተወም ማለት ነው። በኋላ ጽኑ የነርቭ በሽታ ያዘውና በ1936 ሞተ። አንስታይን ያኔ አሜሪካ ነበር፤ በዓለም ላይ የማያውቀው ሰው አልነበረም። ለሟች ሚስት በጻፈው ደብዳቤ ግን ያወራው ስለ ደብተሩ፣ ከምረቃ በኋላ ሁሉም ሰው ስለተወው ስለዚያ ጊዜ፣ ያኔም ግሮስማንና አባቱ አብረውት ስለመቆማቸው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎ አልረሳውም። እሱም በ1955 አረፈ።

ይህን ጽሑፍ ለቡለቲኑ ከመስጠቴ በፊት ወንድሜ እንዲያየው ሰጠሁት። የፊዚክስ ነገር የጻፍኩበት ቦታ ሁለት መስመር ሰርዞብኝ ስለነበር አውጥቼዋለሁ። ስለ አባታችን የጻፍኩትን ይሰርዘዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልነካውም። በማግስቱ ማታ አዲስ የማመልከቻ ደብዳቤ ጽፎ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ወደሚሰማው አባታችን ወሰደና ፊደሉን እንዲያርምለት ጠየቀው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ፣ ቀይ እስክሪብቶ አምጪልኝ አለኝ።