አል-ኪንዲ፦ የምስጢር ጽሑፍን ቁልፍ የፈታው ሊቅ



በዚህ እትም የምናስታውሰው አቡ ዩሱፍ ያዕቁብ አል-ኪንዲን ነው። እ.ኤ.አ. በ801 አካባቢ በኩፋ ተወለደ፤ አባቱ የከተማዋ አስተዳዳሪ ነበሩ። በባግዳድ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ በሒሳብ፣ በሕክምናና በፍልስፍና ብዙ ጻፈ። በአል-ሙተወኪል ዘመን ግን በተቀናቃኞቹ ሴራ መጻሕፍቱ ተወሰዱበት፤ በኋላ ተመለሱለት። በ873 አካባቢ አረፈ፤ አላህ ይዘንለት።

ስለ ምስጢር ጽሑፍ ባዘጋጀው ድርሳን፣ ፊደላት የሚደጋገሙበትን መጠን በመቁጠር የተሰወረውን ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ፊደልን በፊደል መተካት ብቻውን አላዋጣም።

ዛሬ ሌላም ጥያቄ አለብን፦ መልዕክቱ በእርግጥ ከላኪው መምጣቱን፣ መንገድ ላይም አለመለወጡን በምን እናውቃለን? በ1984 ቤኔትና ብራሳርድ በብርሃን ቅንጣቶች የጋራ ቁልፍ የማበጃ ዘዴ አቀረቡ፤ ሰላይ ቅንጣቶቹን ሲለካ ዱካ ይተዋል። በዚያ ቁልፍ የታተመን ተራ መልዕክት፣ ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ አስመስሎ የመሥራት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ሆኖም ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ትንሽ የጋራ ምስጢር ካልያዙ፣ አጭበርባሪ መሐል ገብቶ ለሁለቱም ራሱን ወዳጅ ያስመስላል።

ወሬን አጣሩ የተባልን እኛ ይህን ዒልም ለሌሎች ብቻ አንተወው። የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኮምፒውተር ተማሪዎች ሆይ፣ በርቱ!