አበበ ቢቂላ፦ ከሜዳሊያው በፊት እግሩ፣ ከእግሩ በኋላ ክንዱ

ጠዋት ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ ያለውን አስፋልት ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ፋብሪካ የሚገባው ሠራተኛ፣ ተማሪው፣ ታክሲ ጠብቆ የሰለቸው፣ የታክሲውን ሂሳብ ለምሳ ያስቀረው ሁሉ በእግሩ ነው። ብዙዎቻችን ግን ይሄን ስፖርት አንለውም። ስፖርት ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቱታ፣ ጂም ወይም ስታዲየም ነው። ይኸው የደብረ ዘይት መንገድ ወደ መሀል ከተማ ሲዘልቅ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር አካባቢ ያልፋል። እዚያ ያረፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ ታዲያ ስለ እግርና ስለ አካል ብቃት ብዙ የሚያስተምር ሕይወት ነበረው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ጃቶ በምትባል የሸዋ መንደር ተወለደ። በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። ያኔ የገና ጨዋታ ሜዳ አጥር የለውም፤ አንዳንዴ በሁለቱ ግቦች መካከል ኪሎ ሜትሮች ይኖራሉ። በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ ገባ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በየቀኑ እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር ይነገራል። ለእኛ ሰፈር ሰው ለመገመት አይከብድም፤ ከአቃቂ ተነስቶ መሀል ከተማ እንደመድረስ ነው፣ ያውም ደርሶ መልስ! ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሲያገኘው እግሩ በዕለት ተዕለት ኑሮ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ ያ እግር ለዓለም ታየ። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን ሮጦ፣ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን አስከትሎ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ ደገመው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ከአንድ ወር ብዙም አልዘለለም ነበር። ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ከመስመሩ ካለፈ በኋላ እንኳ ሳሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለቴ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

1961 ዓ.ም. ግን ክፉ ዓመት ነበር። በጥቅምት ሜክሲኮ ላይ በጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደው። አምስት ወር ቆይቶ፣ በመጋቢት፣ ማታ ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ። የእጆቹ ጉልበት ተመለሰ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ሮምን በባዶ እግሩ ያቋረጠ ሰው ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ አልሄደም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታሪኩን ይዘጋዋል። አበበ ግን አልዘጋውም። በ1962 ዓ.ም. ሐምሌ በዊልቸር ሆኖ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ለእንግድነት ኖርዌይ ተጠርቶ ሄዶ፣ ዝም ብሎ ከማየት ይልቅ በበረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት ጋሪ ውድድር ገብቶ አሸነፈ። እግሩ እምቢ ሲል ክንዱን አሠራ ማለት ነው።

የአካል ብቃት ትርጉሙም ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል፤ እየሄዱ ማውራት እየተቻለ መዝፈን ካቃተ ፍጥነቱ ልክ ነው። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። መመሪያው አካል ጉዳተኞችንም አልረሳም፤ በሚችሉት እንዲንቀሳቀሱ ይላል። ሐኪሞችም የልብና የሳንባ ሕመምተኛን አቅም የሚለኩበት አንዱ መንገድ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚራመድ ማየት ነው። ሁለት ፌርማታ ሄዶ የሚያለከልክ ወጣት እንግዲህ ሰውነቱ አንድ ነገር እየነገረው ነው።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ አረፈ። በቀብሩ ላይ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብና ንጉሠ ነገሥቱ ተገኙ። ሜዳሊያው የእሱ ነው፤ ሁላችንም ልንደርስበት አንችልም። በየቀኑ መንቀሳቀሱን ግን ማንም አይከለክለንም። ከአቃቂ ቃሊቲ በእግሩ የሚሄድ ሰው በድህነቱ አይፈር፤ በነፃ የሚሠራው ስፖርት ነው። መኪና ያለውም ቢሆን አልፎ አልፎ ያቁማትና አብሮ ይራመድ።