ነርሷ ልዕልት

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ጀግኖች ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ግን በጦርነት ጊዜ በእጃቸው ፋሻ የያዙትንና በወጣትነታቸው የተቀጠፉትን የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ነው።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ከእቴጌ መነን ተወለዱ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ዕድሜያቸው ገና 16 ዓመት ያህል ነበር። ጠላት ከአይሮፕላን የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብ የተቃጠለው ወታደሩ ብቻ አልነበረም፤ ውኃ የሚቀዱ ሴቶችና ከብት የሚጠብቁ ልጆችም ነበሩ። ልዕልቲቱ ከእናታቸውና ከአዲስ አበባ ሴቶች ጋር ሆነው ለዘማቹ ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭንብል ያዘጋጁ ነበር። ያ ጋዝ ቆዳ የሚልጥ በመሆኑ ጭንብሉ ብቻውን ብዙ አላዳነም።

በስደት ወደ እንግሊዝ አገር ሲሄዱ ለንጉሥ ልጅ ያልተለመደ ሥራ መረጡ። ለንደን ባለው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ፤ በ1931 ዓ.ም. ተመረቁ። ከዚያም ጋይስ በሚባለው ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በሰው አገር የሕሙማንን ገላ ማጠብና ቁስል መጥረግ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

አገር ነፃ ስትወጣ በ1933 ዓ.ም. ተመለሱ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. አቢይ አበበን አግብተው ባለቤታቸው ወደሚያስተዳድሩት ወለጋ፥ ነቀምቴ ወረዱ። አራት ወር ሳይሞላ፥ በነሐሴ፥ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ነርስ ነበሩ፤ የንጉሥ ልጅም ነበሩ። ነገር ግን ነሐሴ የክረምት ጉልበት ነው፤ ከነቀምቴ አዲስ አበባም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጦርነት ገና በወጣች አገር ነፍሰ ጡርን የሚያድን ሐኪም ቤት በየአውራጃው ከየት ይምጣ?

ይህን ስጽፍ የእኛው የአዊ ገጠር ትዝ ይለኛል። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ምጥ ደግሞ ጦርነት እስኪያልፍ አይጠብቅም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይም፥ በወሎም ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈውና ፈርሰው ሳለ ሴቶች ይወልዱ ነበር። ሴቶችና ልጃገረዶች ተደፍረውም የሚታከሙበት ያጡበት ጊዜ ነበር።

ልዕልቲቱ ካረፉ ከዘጠኝ ዓመት ያህል በኋላ በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ለዚህ ገንዘብ በማሰባሰብ የደከሙት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። በ1951 ዓ.ም. ሐኪሞቹ ካተሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ ከአውስትራሊያ ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ። የጠበቃቸው ግን ፊስቱላ ነበር። ምጥ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ ገላው ሞቶ ይበሳል፤ ሽንቷም ሳትቆጣጠረው ይፈሳል። ብዙዎቹ ታማሚዎች ባል የፈታቸው፥ ጎረቤት የሸሻቸው ለጋ ልጆች ነበሩ። ባልና ሚስቱ በዚያ የጀመሩት ቀዶ ሕክምና በኋላ የፊስቱላ ሆስፒታልን ወለደ፤ ቅርንጫፉም ለእኛ ቅርብ በሆነችው በባሕር ዳር ተከፈተ።

የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለወጠ። ዛሬ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የታክሲ ረዳት ጦር ኃይሎች እያለ ሲጣራ የሚሰማው የዚያን ሰፈር ስም ነው።