ከውሻ ነጭ ደረት እስከ ሲጋራ፦ የክላረንስ ሊትል ሕይወት

ዴንቨር ናሽናል ዌስተርን ኮምፕሌክስ የሚደረገውን የውሻ ውድድር ለማየት ከአውሮራ ከጓደኛዬ ጋር ሄጄ ነበር። ከሁሉ ያስገረመኝ ነጩ ፀጉር ነው። ዝርያው ይለያይ እንጂ ነጩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ደረት፣ እግርና የጅራት ጫፍ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ሳነብ ክላረንስ ኩክ ሊትል የሚባል ሰው ላይ ደረስኩ። ታሪኩ ግን ውሻ ላይ አላበቃም።

ሊትል በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ማሳቹሴትስ ውስጥ ተወለደ። ሃርቫርድ ሲማር በ1909 የአይጥ ወንድምና እህትን ትውልድ በትውልድ እያዳቀለ፣ በዘር አንድ ዓይነት የሆኑ አይጦች ማራባት ጀመረ። የሜይን፣ ቀጥሎም የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1929 ባር ሃርበር ላይ ጃክሰን ላቦራቶሪን አቋቋመ። በ1947 የደን እሳት ላቦራቶሪውን ሲያወድም፣ ቀድሞ ከእሱ አይጥ የወሰዱ ተመራማሪዎች መልሰው ላኩለትና ሥራው ቀጠለ።

ስለ ውሻ ፀጉር ቀለም አወራረስ የጻፈው መጽሐፍ በ1957 ታተመ። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች በፅንሱ ጀርባ በኩል ተነስተው ወደ ሆድ፣ ወደ እግርና ወደ አፍንጫ ይጓዛሉ። ያልደረሱበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሊትል ነጩን በአራት ደረጃ ከፈለው፦ ሙሉ ቀለም ያለው፣ እንደ አፍሪካዊው ባሴንጂ ደረቱና እግሩ ነጭ የሆነ፣ እንደ ቢግል ትልልቅ ነጭ ያለበት፣ እንደ ቡል ቴሪየር ነጭ ለመሆን ጥቂት የቀረው። በ2007 ተመራማሪዎች ነጩን ኤምአይቲኤፍ ከሚባለው ጂን ጋር አገናኙት። እነዚህ ሴሎች ለውስጠኛው ጆሮም ስለሚያስፈልጉ ነጭ ከበዛባቸው ውሾች መካከል መስማት የተሳናቸው ይኖራሉ። በሰውም ይኸው ጂን ሲበላሽ የመስማት ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ሊትል ለዘር ትልቅ ቦታ ይሰጥ ነበር። የሰው ልጅም ተመርጦ መራባት አለበት የሚለውን የአሜሪካ ዩጀኒክስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርቷል። በሌላ በኩል፣ ዛሬ የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር የሚባለውን ድርጅት ለዓመታት መርቶ ሕዝቡ ካንሰርን በጊዜ እንዲታከም ቀስቅሷል።

በ1954 የሲጋራ ኩባንያዎች ላቋቋሙት የምርምር ኮሚቴ የሳይንስ ኃላፊ ሆነ። ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም፣ የዘር ነገር ይጠና እያለ ተከራከረ። በ1964 የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ሪፖርት ሲጋራ በወንዶች ላይ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ሲያረጋግጥም አቋሙን አልቀየረም። በ1971 ሞተ።

እንደ እኔ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የውሻ ደረት ነጭ የሚሆነው ውሻው ከመወለዱ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ቢበላ፣ የት ቢያድር ነጩ አይጠፋም። ሳንባ ግን እንደዚያ አይደለም። ዘር ድርሻ ቢኖረውም ጭሱ በየቀኑ የራሱን ይጨምርበታል። ሊትል ደግሞ የካንሰርን ነገር ከማንም በላይ ያውቅ ስለነበር ሰው አመነው። በዚያ መሀል ስንቱ ማጨሱን ቀጠለ።

ነርሲንግ ስማር ታካሚን ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ በቀን ስንት ሲጋራ፣ ለስንት ዓመት እንዳጨሰ ነው። ይህንኑ አጎቴን ጠየቅኩት። እሱ እሁድ እሁድ ቡና ከተጠጣ በኋላ በረንዳ ወጥቶ ያጨሳል። በእኛ ዘር ካንሰር የለም ብሎ ሳቀብኝ። ሊትልን አያውቀውም፤ መከራከሪያው ግን ያው የሊትል ነው። ስለ ውሾቹ ጀምሬ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሲጋራውን አላጠፋም፤ እስክጨርስ ግን አዳመጠኝ። የሚቀጥለው እሁድም እጠይቀዋለሁ። እናንተም ቤት እንዲህ የሚል ሰው ካለ ጠይቁት።